አንድሮሜዳ ስለምትባለው የከዋክብት ጉባኤ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



በኅዳር ወር መጨረሻ፥ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በማሻ ወይም በመካነ ሰላም ደጋ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ እንደ ትንሽ ጉም የደበዘዘች ነገር ታያላችሁ። ስሟ አንድሮሜዳ ነው። ግሪኮች በጥንት ተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌውስ ልጅ ይሏታል። እናቷ የተባለችው የካሲዮፔያ አምስት ከዋክብት ከበታቿ ይገኛሉ።

ይህችን ጉም የፋርስ ሊቅ አል ሱፊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ964 ዓ.ም. በመጽሐፉ ገልጿታል። በ1888 ዓ.ም. ኢሳቅ ሮበርትስ ፎቶግራፍ ቢያነሣት፥ የሰፌድ ስንደዶ ከመካከል ጀምሮ እየዞረ እንደሚሰፋ፥ እርሷም የተጠመዘዘች ሆና ታየች። ነገር ግን ርቀቷ አልታወቀም ነበር። አንዳንዶቹ ሊቃውንት ፀሐያችን ባለችበት በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ናት ሲሉ፥ ሌሎቹ ከርሱ ውጭ ናት ይሉ ነበር።

ክርክሩን የፈረደው አንድ ኮከብ ነው። ብርሃናቸው በየጊዜው የሚጨምርና የሚቀንስ፥ በሴፌውስ ስም ሴፌይድ የተባሉ ከዋክብት አሉ። አሜሪካዊቱ ሄንሪየታ ሌቪት በ1912 ዓ.ም. እንዳስረዳችው፥ የመለዋወጫው ጊዜ በረዘመ መጠን የኮከቡ እውነተኛ ብርሃን ይበልጣል። የፋኖሱን ኃይል ያወቀ ሰው በሩቅ ደብዝዞ ሲያየው ርቀቱን ሊያሰላ ይችላልና፥ ይህ ለሊቃውንት መለኪያ ሆነ።

በ1923 ዓ.ም. ኤድዊን ሀብል በአሜሪካ በዊልሰን ተራራ በትልቅ ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳን ሲመረምር አንድ ኮከብ አየ። አስቀድሞ ድንገት የበራ ኮከብ መስሎት ምልክት አደረገበት። ኋላ ግን ከቆዩት ፎቶግራፎች ጋር ቢያስተያየው ሴፌይድ ሆኖ አገኘው፤ የፊተኛውንም ምልክት ሰርዞ «ተለዋዋጭ» ብሎ ጻፈ። በዚህም ጉም መሳይዋ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ታላቅ የከዋክብት ጉባኤ፥ ማለት ጋላክሲ፥ መሆኗ ተረጋገጠ።

ብርሃን በ1 ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከአንድሮሜዳ እስከ እኛ ለመድረስ ግን 2,500,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ዛሬ ሌሊት ዓይናችሁ የሚገባው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው፥ በአፋር ምድር በጎና የተገኙት ጥንታውያን የድንጋይ መሣሪያዎች በተጠረቡበት ዘመን ገደማ ነው።

በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ስፋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ የሚወድ ቢኖር ሒሳብን ይማር፤ ያየውን ከነቀኑ ይጻፍ፤ የትናንቱንም ከዛሬው ያስተያይ። ሀብል እውነቱን ያገኘው በአንድ ሌሊት ባየው ብቻ ሳይሆን፥ ከርሱ በፊት የተቀመጠውን መርምሮ ነውና።