ከቁመት በፊት ጉልበት
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በሐዋሳ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ወዳጄ በቅርቡ አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። «ልጄ የጃፓን የካርቱን ፊልም አይቶ፥ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ፥ ከሩቅ በመቆጣጠሪያ የሚታዘዝ ሮቦት ካልሠራሁ ብሎ ተነሥቷል። ቤቱን በካርቶንና በሽቦ ሞላው። ልከልክለው ወይስ ዝም ልበለው?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙ ወላጆች ጥያቄ መሆኑን ስለማምን፥ የሰጠኋቸውን መልስ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አስቀድሞ የልጁ ሐሳብ ከየት እንደ መነጨ ማወቅ ይገባል። ሚትሱቴሩ ዮኮያማ የተባለ ጃፓናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1956 «ቴትሱጂን 28» የተሰኘ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ማውጣት ጀመረ፤ ታሪኩም በ1963 በቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ሆኖ ታየ። ቴትሱጂን ማለት የብረት ሰው ማለት ነው። ይህ ግዙፍ የብረት ሰው የራሱ ፈቃድ የለውም፤ የሚታዘዘው አንድ ታዳጊ ልጅ በሚይዘው መቆጣጠሪያ ነው። መቆጣጠሪያው በክፉ ሰው እጅ የገባ እንደ ሆነ፥ የብረቱ ሰው ለክፉው ይታዘዛል። ሠዓሊው የተወለደባት የኮቤ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 1995 በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈራረሰች በኋላ፥ ነዋሪዎቿ የትንሣኤያቸው ምልክት እንዲሆን ከ15 ሜትር በላይ ቁመት ያለውን የዚህን የብረት ሰው ሐውልት በ2009 አቆሙ። ሐውልቱ ግርማ አለው፤ ነገር ግን አይንቀሳቀስም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ግዙፍ ፍጥረት ያንቀሳቀሰ ሰው አለን? አዎን፥ አለ። «ጉንዳም» የተባለው የካርቱን ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1979 በቴሌቪዥን የታወቀ ሲሆን፥ አምሳያው በዮኮሃማ ወደብ ተሠርቶ ከታኅሣሥ 2020 እስከ መጋቢት 2024 ድረስ ለሕዝብ ታይቷል። ቁመቱ 18 ሜትር፥ ክብደቱም 25 ቶን ያህል ነበር። ክንዱን ያነሣ፥ ጣቶቹን ይዘረጋ፥ ጉልበቱንም ያጥፍ ነበር። ይሁን እንጂ ወገቡ በጽኑ የብረት ድጋፍ ተይዞ ነበር እንጂ በገዛ እግሩ ቆሞ አልተራመደም። ያን ያህል ሀብትና ያን ያህል ጥበብ ያላቸው መሐንዲሶች እንኳ በእግሩ ሊያስኬዱት ያልሞከሩት ስለ ምንድን ነው?

ምክንያቱ ገንዘብ የማይሽረው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጋሊሌዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሕግ አስረድቶታል። እኛም በወዳጄ ልጅ ሮቦት እንመርምረው። ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ መጫወቻ አለ እንበል። ይህንኑ ቅርጹንና የተሠራበትን ዕቃ ሳንለውጥ ወደ 2 ሜትር ብናሳድገው፥ ቁመቱ 4 ጊዜ፥ ወርዱ 4 ጊዜ፥ ውፍረቱም 4 ጊዜ ስለሚያድግ ክብደቱ 64 ጊዜ ይጨምራል። ክብደቱን የሚሸከመው የእግሩ ስፋት ግን የሚያድገው 16 ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ እያንዳንዷ የእግር ክፍል ቀድሞ ከነበረባት 4 እጥፍ ሸክም ታገኛለች ማለት ነው። በትከሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ውሃ የሞላ ባልዲ በደረት አጠገብ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ አንድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ክንዱ 64 ጊዜ ከብዶ 4 ጊዜ ስለሚረዝም፥ ትከሻውን የሚያዞረው ሞተር 256 እጥፍ ኃይል ያስፈልገዋል።

«እንግዲያው ይተወው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሕጉ የሚያዘው ዕቃውን እንድናቀል ነው። በሲዳማ ደጋ ያሉ ወገኖቻችን ቀርከሃን ሰንጥቀው እየጎነጎኑ የሚሠሩትን ቤት ያየ ሰው መፍትሔውን አይቷል። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ጥንካሬው ሁሉ መታጠፍን በሚቋቋመው በውጭው ዙሪያ ተከማችቷል። ስለዚህ የሮቦቱ አጥንት ከቀርከሃና ከቀጭን ኮምፔንሳቶ፥ ቆዳውም ከካርቶን ቢሆን፥ በመገጣጠሚያው ላይ ከአሮጌ ዕቃ የተገኘ ኩሽኔታ ቢገባ፥ ከባዱ ባትሪ ደግሞ ከታች ከእግሩ አጠገብ ቢቀመጥ፥ ሥራው ከሕልም ወደ እውነት ይቀርባል። ከእግሩ ሥር ጎማ ቢደረግለትም ነውር የለበትም፤ የዮኮሃማውም ያለ ድጋፍ አልቆመም።

ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ የሚባለው ሞተር ነው። ይህ ሞተር በውስጡ ማርሽና በምን ያህል ማዕዘን እንደ ዞረ የሚለካ መሣሪያ አለው። መቆጣጠሪያው የሚልከው ትእዛዝ በሮቦቱ ውስጥ ባለው ተቀባይ አማካይነት ይደርሰዋል፤ የታዘዘበትንና የደረሰበትን እያስተያየ፥ ሁለቱ ሲስማሙ ይቆማል። መታዘዝ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደ ታዘዘ ራሱን የሚጠይቅ ሎሌ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። የራዲዮ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሮቦቱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ መቀጠል የለበትም፤ ክንዱን ቀስ ብሎ አውርዶ እንዲቆም አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል። በአካሉም ላይ የኤሌክትሪኩን ኃይል በአንድ ጊዜ የሚያቋርጥ ቀይ ማጥፊያ ይኑር። የሊትየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ሰው በሌለበት ኃይል እየሞላ አይተው። አዛዡ ሲጠፋ የማይቆም መሣሪያ፥ ክፉ ሰው እንደ ያዘው መሣሪያ የሚያስፈራ ነው።

የአገራችን ልጆች ለዚህ ጥበብ ባዕዳን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች፥ የሆንግ ኮንጉ ሀንሰን ሮቦቲክስ ለሠራት ሶፍያ ለተባለችው ሮቦት በሶፍትዌር ሥራ ተካፍለዋል፤ ሶፍያም በ2018 አዲስ አበባን ጎብኝታለች።

ለወዳጄ የሰጠኋቸው ምክር እንግዲህ ይህ ነበር፦ «አይከልክሉት፤ ዝምም አይበሉት። በመሥሪያ ቤትዎ ዕቅድ ይዞ የሚመጣን ሰው እንደሚጠይቁ ልጅዎንም ይጠይቁት። የክንዱ ክብደት ስንት ነው? ርዝመቱስ? ሞተሩ ይህን ያነሣል? ወጪውስ?»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተገናኘን። ልጁ በመጀመሪያ ዝም ብሎ እንደ ነበር፥ ከዚያም ከሰፈሩ ባለ ሱቅ ሚዛን ተውሶ ካርቶኑንና ሽቦውን አንድ በአንድ ሲመዝን እንዳመሸ አጫወቱኝ። በማግሥቱ በሥዕሉ ላይ ያለውን ቁመት ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ከ20 ዝቅ አድርጎታል። በዚህም ክብደቱ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። አሁን የሚሠራው አንድ ጉልበት ብቻ ነው፤ እርሱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ሳያይ ሌላውን አልጀምርም ብሏል። አባትየውም ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጠው ቀርከሃውን ይይዙለታል።

ውድ አንባብያን! እኛ በየቢሮአችን ያለን ሰዎችም ከዚህ የምንወስደው አለ። የሥራ ክፍል ስንጨምር፥ መዝገብ ስናበዛ፥ ሸክሙ ከተሸካሚው ፈጥኖ እንደሚያድግ እናስብ። በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል አካልንም ኃይልንም የሚጠራው ያለ ነገር አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ብሂል አባቶቻችን የተናገሩት፥ እግሩ ሸክሙን እስኪችል ድረስ መታገሥን ሲያስተምሩን ነው።