መረቡ ከመዘርጋቱ በፊት
(በቦንጋ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)





በጎጀብ ወንዝ አቅራቢያ ካሉ አጥቢያዎች ለሥራ አጥ ወጣቶች የዓሣ መረብ ይገዛልን የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን በጣና ሐይቅ የሆነውን ልንነግራችሁ ወደድን፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ቤተ ክርስቲያናችንም ድርሻ ነበራትና።

በጣና ለብዙ ዘመን ዓሣ የሚሰገረው በደንገል ታንኳ፣ በዳርቻው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ግን ቤተ ክርስቲያናችን ከግብርና ሚኒስቴርና ከኔዘርላንድ አብያተ ክርስቲያናት ርዳታ ጋር በተባበረችበት መርሐ ግብር የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ዓላማው የተራበውን መመገብ፣ የአስጋሪውንም ኑሮ ማሻሻል ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም ተጠቅሞበታል።

በሐይቁ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች አሉት፤ ከጥቂቱ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ስለ ለያቸው በዚያው ተለያይተው በዙ። ከእነርሱ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው፤ የሚያስደንቀው ግን በመንጋጋቸው ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ጥርሳቸው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። የምግቡ ሰንሰለት እንዲህ ይያያዛል፦ በዓይን የማይታዩትን የውኃ ዕፅዋት ደቃቅ ነፍሳት ይመገባሉ፤ ነፍሳቱን ትናንሽ ዓሦች፤ ትናንሾቹን ደግሞ ትላልቆቹ ነጭ ዓሦች ይበላሉ። ከላይ ያለው ሲነሣ የታችኛው ሁሉ ሚዛኑን ያጣል።

ትላልቆቹ ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ ዘግይተውም ለመራባት የሚደርሱ ናቸው። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ። በአንድ ሰሞን በወንዙ አፍ ስለሚከማቹ መረብ ያለው ሰው ፍለጋ መድከም የለበትም። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የሊቃውንቱ ጉዳይ ስለ ሆነ አንገባበትም፤ ይሁን እንጂ በጾም ወራት የከተማው ገበያ እንደሚደምቅ የዓሣ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ጾመ ፍልሰታም የሚውለው በዚሁ ክረምት ነው።) ተመራማሪዎች እንደ መዘገቡት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች በክብደት 75 ከመቶ ያህል ቀነሱ፤ ታዳጊዎቹ ደግሞ ከ90 ከመቶ በላይ። በሐይቁ ዳርቻ የሚራባው ቆሮሶ በዚያ ዘመን እንዲህ አልተመታም። ስለዚህ ከገበያ ዓሣ አልጠፋም፤ ጉዳቱም ቶሎ አልታየም። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ነው።

በውቅያኖስም ይኸው ሆኗል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሰገር የኖረው ኮድ የተባለ ዓሣ በግዙፍ መርከቦች ተሟጥጦ እ.ኤ.አ. በ1992 መንግሥት ማስገሩን ዘጋ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አጡ። ከዚያም ሽሪምፕና ሸርጣን በዙ፤ ኮዱ ግን ከ30 ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞ ብዛቱ አልተመለሰም።

ጎጀብ ጣና አይደለም፤ ውቅያኖስም አይደለም። የነጭ ዓሣ ወገን ግን በእርሱም አለ። የደን ወንዝ ዓሣ ከዛፍ የሚረግፈውን ፍሬና ነፍሳት ጭምር ይመገባልና ዳርቻው ሲመነጠር ማዕዱ ይነሣበታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ የጎጀብን ረግረግም አብሮ የቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃውም ከእኛ ጋር አይቀርም፤ ወደ ኦሞ ይገባል፤ በኦሞ በኩል እስከ ዳሰነች አስጋሪዎችና እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል።

ስለ ብርብራም ሳንናገር አናልፍም። ለቡናችን ጥላ የሚሆነው ይህ ዛፍ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲነሰነስ ዓሣውን ይመርዛል። መረብ ቢያንስ ትንሹን ያሳልፋል፤ ብርብራ ግን ትልቁንም፣ ጫጩቱንም፣ ለምግብ የሚሆኑትን ነፍሳትም በአንድነት ይፈጃል። በመርዝ ማስገር በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የተከለከለ ነው፤ ወንዝ ዳር ላለው ወጣት ግን ከአዋጁ ይልቅ የንስሐ አባቱ ቃል ይቀርበዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል። እንቁላል ተሸክማ ወደ ወንዝ የምትወጣው ዓሣ ከዚህች ወፍ በምን ትለያለች? ለስብከት የሚሆን ርእስ ይመስለናል።

እንግዲህ መረብ ለሚጠይቅ አጥቢያ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ መረብ ወደ ውኃ አይግባ። የመረቡ ዐይን ገና ያልወለደውን ዓሣ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ስፋቱን ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር እንወስናለን። የተያዘው ዓሣ በዓይነትና በርዝመት በመዝገብ ይጻፍ፤ ትላልቆቹ እየተመናመኑ መሄዳቸው የሚታወቀው በዚህ መዝገብ ነውና። ወንዙ የእኛ ምእመናን ብቻ ስላልሆነ ስምምነቱ ሙስሊሙንና ፕሮቴስታንቱን ጎረቤት፣ እድሩንም ያካትት፤ አንዱ ወገን ሲጠብቅ ሌላው ቢያሰግር ድካሙ ከንቱ ነው። ይህ በቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ከጥያቄው ጋር ሲደርሰን የመረቡን ግዥ እንጀምራለን፤ ርክክቡም ከጥቅምት ወር ወዲህ ይሆናል።