ዝርግ ካርቶን እንዴት ሣጥን ይሆናል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ስለ ዕውቀት ጥቅም በጠቅላላው ለመናገር ይቻል ነበር። ነገር ግን ይህን ከእኛ በፊት ብዙዎች አሳምረው ስለ ተናገሩት፥ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ያስተማርነውን አንድ ትንሽ ነገር ልንነግራችሁ ወደድን። ይኸውም ዝርግ የሆነ ነገር ታጥፎ ርዝመት፥ ወርድና ከፍታ ያለው አካል ስለሚሆንበት መንገድ ነው።

የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ኩብ 6 ገጾች፥ 12 ጠርዞችና 8 ማዕዘኖች እንዳሉት ይናገራል። ልጆቹም ይህን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። ይሁን እንጂ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለ ኩብ ፊት ለፊት የሚያሳየው ሦስት ገጾቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ሣጥኑን በሙሉ በወረቀት ለመሸፈን ምን ያህል ወረቀት እንደሚያስፈልግ ብንጠይቃቸው፥ የሚበዙት የሦስቱን ገጾች ስፋት ብቻ ደምረው መለሱልን። በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ የደመሩት ያዩትን ነው። እኛም ትንንሾች ሳለን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ኩቦቹ በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቆልፈው ይቀመጡ ስለ ነበር፥ ኩብን በዓይን እንጂ በእጅ አላወቅነውም ነበር።

እንግዲህ ሰሌዳውን ትተን፥ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ባዶ ካርቶን እንዲያመጣ አዘዝን። የሳሙና፥ የሻይ ቅጠል፥ የመድኃኒት፥ የጫማ ካርቶን ሁሉ መጣ። (አንዱ ልጅ ያመጣው የክብሪት ቤት መሳቢያውና ሽፋኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ ብዙ ክርክር አስነሣ።) ለመለጠፊያ የተተወውን ትርፍ ካስወገዱ በኋላ፥ ካርቶኑ ሳይበጣጠስ አንድ ዝርግ ሆኖ እስኪዘረጋ ድረስ ጠርዙን እየተከተሉ በመቀስ እንዲቆርጡ ነገርናቸው።

ከዚህ በኋላ ስንት ጠርዝ እንደ ቆረጡ ጠየቅናቸው። አንዱ ካርቶኑን መስቀል አስመስሎት ነበር፤ ሌላው እንደ ደረጃ አድርጎታል፤ ሁሉም የቆረጡት ግን 7 ጠርዝ ነው። ይህ ልጆቹን እጅግ አስደነቃቸው። ምክንያቱን ለማስረዳት ስድስት ልጆችን አስነሥተን በአንድ ረድፍ እጅ ለእጅ አያያዝናቸው፤ መያያዣው አምስት ሆነ። ስድስት ገጾችም ሳይለያዩ ለመዘርጋት የሚያስፈልጋቸው መያያዣ አምስት ነው። ከ12 ጠርዞች 5 ሲቀነስ 7 ይቀራል።

ቀጥሎ ነገሩን ገለበጥነው። ስድስት እኩል ካሬዎችን ጎን ለጎን በማያያዝ 35 ልዩ ልዩ ቅርጾች ይገኛሉ፤ ታጥፈው ኩብ የሚሆኑት ግን 11 ብቻ ናቸው። ልጆቹ ካሬው ስድስት እስከ ሆነ ድረስ ሁሉም የሚታጠፍ መስሏቸው ነበር። ሁለት በሦስት የተደረደረውን ሲያጥፉ ግን እንቢ አላቸው፤ አራት ካሬዎች በአንድ ነጥብ ዙሪያ ሲገናኙ ይተኛሉ እንጂ አይነሡም፤ የኩብ ማዕዘን የሚፈልገው ሦስት ነውና። ይህን ደንብ እኛ አልነገርናቸውም፤ ወረቀቱ ራሱ ነገራቸው።

በዚህ ጊዜ ያየነውን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ማንነቱን የማንገልጠው አንድ ልጅ፥ ቅርጾቹን ሳያጥፍ በዓይኑ ብቻ እያየ «ይሆናል፤ አይሆንም» እያለ ይለያቸው ነበር። ጓደኞቹ ከወዴት እንደ ተማረው ቢጠይቁት ዝም አለ። ከቤተሰቡ ዘንድ ቆዳ ይሠራ ኖሯል።

ዝምታው ለምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በአገራችን «ፋቂ»፥ «ቀጥቃጭ» እያሉ መስደብ የቆየ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ እነሆ ከመቶ ዓመት በኋላ ልጅ በአባቱ ዕውቀት ያፍራል። ነገር ግን በመርጡለ ማርያምና በዲማ ጊዮርጊስ ያሉትን የብራና መጻሕፍት እናስብ። መጽሐፉ የሚያድርበት ማኅደር ከዝርግ ቆዳ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ቆራጩ ከርዝመቱና ከወርዱ ሌላ የመጽሐፉን ውፍረት ካላሰበ መጽሐፉ አይገባም፤ ቆዳውም አንድ ጊዜ ከተቆረጠ አይመለስም። ቆርቆሮ ሠራተኛውም እንዲሁ ነው። አፉ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣሳ ለመሥራት፥ ለግድግዳው 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ያስፈልገዋል፤ ለመገጣጠሚያውም ትርፍ ይጨምራል። እኛ ይህን ሒሳብ በፈተና ላይ ብንስት የምናጣው ነጥብ ነው፤ እርሱ ቢስት የሚያጣው ቆርቆሮውን ነው።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ልመና አለን። ይህ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በግንደወይን ገበያ ከሚሠሩት አንድ ቆዳ ሠራተኛና አንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ ወደ ክፍል ይጠሩ፤ እንደ እንግዳ መምህርም ወንበር ይሰጣቸው። ወላጆችም ይህን እንደ ውርደት እንዳታዩብን እንለምናለን።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1525 ባሳተመው መጽሐፍ እንደዚህ ያሉ ዝርግ ንድፎችን ሥሎ እንደ ነበር እንገልጣለን። ጎድጓዳ የሌለው፥ ገጾቹ ዝርግ የሆኑ አካል ሁሉ በጠርዞቹ ተቆርጦ ሳይደራረብ አንድ ሆኖ ይዘረጋልን? ይህን ጥያቄ ሼፓርድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1975 በግልጥ አቅርቦታል፤ ይሆናል ብሎ ያረጋገጠ፥ አይሆንም ብሎም ያፈረሰ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

35ቱ ቅርጾች በአምስተኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። ወላጆች ከዚህ ስትወጡ በዚያ በኩል እለፉና፥ እጃችሁን ሳታስነኩ 11ዱን ለዩ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቋችኋል።