ሰርቨሩ ወደቀ፤ ማስረጃው የት ገባ?

የዛሬው ዝግጅት በቨርቹዋል ማሽን ላይ ሊኑክስ ለምታስተዳድሩ ባለሙያዎች ነው። ሌሎቻችሁም ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ስትባሉ ከጀርባ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ትረዱበታላችሁ።

ሌሊት ሰርቨሩ ይወድቅና በራሱ ተመልሶ ይነሳል። ጠዋት ባለሙያው ገብቶ የውድቀቱ ማስረጃ ሊገኝበት የሚገባውን «ቫር ክራሽ» የሚባለውን ፎልደር ሲከፍት ባዶ ነው። ማስረጃውን ሊጽፍ የሚገባው ኬዳምፕ ግን «አክቲቭ ነኝ» እያለ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በእኔ እምነት ግን ባዶው ፎልደር ራሱ ማስረጃ ነው።

ኬዳምፕ ወደ ሊኑክስ የገባው በ2005 እ.ኤ.አ.፣ በ2.6.13 እትም ነው። ማሽኑ ሲነሳ ከሚሞሪው ጥቂቱ ይከለልና እዚያ ውስጥ ሁለተኛ ከርነል ይጫናል። ዋናው ሲወድቅ ይህ ተጠባባቂ ይነሳል፣ የወደቀውን ሚሞሪ አንብቦ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም ማሽኑን ሪስታርት ያደርጋል። ስለዚህ ፋይሉ ከሌለ መጠየቅ ያለብን ተጠባባቂው ከርነል የቱ ጋ እንደቀረ ነው።

በመጀመሪያ ቦታ ተከልሎለት እንደሆነ እዩ። ለምሳሌ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 በተለመደው ማሽን ላይ፣ ማንም ካልቀየረው፣ ከ1 እስከ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ላለው 192 ሜጋባይት፣ ከ4 እስከ 64 ላለው 256፣ ከዚያ በላይ ላለው 512 ይከልላል። ከ1 ጊጋባይት በታች ላለው ምንም አይከልልም። ወጪ ለመቆጠብ ሚሞሪዋ የተቀነሰ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ኬዳምፕ እንደሌላት የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከወደቀች በኋላ ነው። «ሲስ ከርነል» ስር «ኬክሴክ ክራሽ ሎድድ» የሚለውን ፋይል አንብቡ። 1 ካለ ተጠባባቂው ተጭኗል፤ 0 ካለ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

1 ብሎም ሊከሽፍ ይችላል፤ ከባዱም ይኼ ነው። ተጠባባቂው ከርነል ተነስቶ ዲስኩን ላያገኘው ይችላል። ማሽኑ ከቪኤምዌር ወደ ኬቪኤም ተዛውሯል እንበል። የዲስኩ መቆጣጠሪያ አሁን ቨርትአይኦ ነው። የኬዳምፕ ማስነሻ ፋይል ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በተሠራበት ጊዜ የነበሩትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ የሚዘጋጅ ነው። ከዝውውሩ በኋላ ካልታደሰ ዋናው ሲስተም በደህና እየሠራ ተጠባባቂው ዲስክ አልባ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሬድ ሃት ቤተሰብ «ኬዳምፕ ሲቲኤል ሪቢልድ» ብላችሁ ማስነሻውን እንደገና ሥሩት።

ሌላው ምክንያት ከውጭ የሚመጣ ነው። ተጠባባቂው እየጻፈ ሳለ ለሆስቱ የሚላከው የልብ ምት ይቋረጣል፤ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚከታተለው ሲስተም ወይም ዋችዶጉ «ሞቷል» ብሎ ሪሴት ያደርገዋል። «ቪኤምኮር ኢንኮምፕሊት» የሚል ፋይል ካገኛችሁ መጻፉ ተጀምሮ አላለቀም ማለት ነው፤ ለምሳሌ ሪሴት ተደርጎ ወይም ዲስኩ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? በሲሪያል ኮንሶል። ግራፊክ መስኮቱ በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ለከርነሉ የኮንሶል መስመር ስጡት፣ ኬቪኤም ላይ ከሆናችሁ ከሆስቱ በ«ቨርሽ ኮንሶል» ግቡና በሲስአርኪው «ሲ» ፊደል ማሽኑን ራሳችሁ ጣሉት። ይህ እውነተኛ ውድቀት ስለሆነ የጥገና ሰዓት ሳታስፈቅዱ አታድርጉት። ከዚያ በትዕግሥት አንብቡ። «አውት ኦፍ ሚሞሪ» ካለ የተከለለው ቦታ አንሷል። ዲስክ እየጠበቀ ሰዓቱ ካለፈበት ድራይቨር ጎድሏል። ጽሑፉ እየሮጠ ድንገት ከተቆረጠና ማሽኑ ከባዮስ ከጀመረ ሆስቱን ጠርጥሩ።

ማሽኑ ሳይወድቅ ደርቆ ሲቀር ኬዳምፕ አይነሳም፤ የሚቀሰቅሰው የከርነል ፓኒክ ነውና። ቀደም ብላችሁ «አንኖውን ኤንኤምአይ ፓኒክ» የሚለውን የከርነል ቅንብር 1 ካደረጋችሁት ከሆስቱ ኤንኤምአይ ልካችሁ ልትጥሉት ትችላላችሁ። ኬቪኤም ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ «ቨርሽ ዳምፕ» በ«ሚሞሪ ኦንሊ» ምርጫ ሚሞሪውን ከውጭ ይቀዳዋል፣ የውስጡ ከርነል መተባበርም አይጠበቅበትም።

የተገኘው ፋይል የደንበኞችን መረጃና የይለፍ ቃል ጭምር ሊይዝ ስለሚችል ለማንም ከመላካችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ኬዳምፕ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን የምታስተዳድሩ ሁሉ በሚቀጥለው የጥገና ሰዓታችሁ አንዱን ጥላችሁ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ መጻፉን አረጋግጡ። ማሽኑን ወደ ሌላ ሆስት ባዛወራችሁና ከርነል በቀየራችሁ ቁጥርም ሙከራውን ድገሙት።