ዓመቱ የተፋቀ የምኒልክ ብር

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ቤታችሁ ውስጥ ያ የድሮው የምኒልክ ብር ካለ እስቲ አውጡት። ዓመተ ምሕረቱ ግን ተፍቆ ይሆናል።

እሱ፦ የአንገት ማንጠልጠያ ሲበየድበትም ይጠፋል እኮ! ታዲያ በምን ይለያል?

እሷ፦ በአንበሳው። በ1887 እና በ1889 ዓ.ም. ብሮች ላይ ያነሳው ግራ የፊት እግሩን ነው፤ በ1892 እና በ1895ቱ ላይ ቀኙን።

እሱ፦ ቆይ፣ 1887ን ከ1889 ግን አልለየልኝም።

እሷ፦ ልክ ነህ። ያኔ መብራት ከጎን አብራበትና የመጨረሻዋን የግዕዝ አኃዝ ፈልግ፤ ፯ ናት ወይስ ፱?

እሱ፦ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ማርትሬዛ ብርስ?

እሷ፦ እሱማ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. 1780 ነው የሚለው፤ ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የታተመውም ጭምር።

እሱ፦ ስለዚህ የማርትሬዛው ዓመት ቢነበብም አያስተማምንም።

እሷ፦ አዎ። ደግሞ አደራ፣ ብሩን በአመድም በሎሚም አትፈትጉት፤ የቀረችውም ምልክት ትጠፋለች።