በክረምት ቴአትር ቤት ስለ ዋልን
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




ማኅበራችን ስለ ክረምቱ ልምምዳችን እንድንናገር ስለ ጋበዘን እናመሰግናለን። አዲስ አበባ ወደሚገኝ ቴአትር ቤት የገባነው አራት ነበርን፤ ሁለታችን የቢቸና፣ ሁለታችን የሞጣ ልጆች ነን። ልምምዱን የፈጸምነው ግን ሦስት ብቻ ነን። ስለዚህ የተማርነውን ብቻ ሳይሆን፣ አራተኛው ጓደኛችን ስለ ምን እንደ ቀረም መናገር ግዴታችን ይመስለናል። እርሱም ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ የምንናገረውም ፈቅዶልን ነው።

በመሠረቱ የቴአትር ሙያ በአገራችን ከክፍል በፊት በመድረክ ላይ ያደገ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል የመጣው ግን ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በመካከሉ ላደጉት ብዙዎቹ ተዋንያን መምህራቸው ቀድሟቸው የገባው ባልደረባቸው ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንኳ ሕግ ካጠና በኋላ ቴአትርን ጠለቅ ብሎ ለማወቅ የሄደው በለንደን ወደ ሮያል ኮርት፣ በፓሪስ ወደ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ነበር፤ ይኸውም ሥራው ወደሚሠራበት ቤት ማለት ነው።

ታዲያ እኛ ምን ተማርን? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መድረክ ጠረግን፣ ወንበር ተሸከምን፣ አልባሳት አጣጠፍን። ቅር ብሎን ነበር፤ «ለመጥረግማ እቤታችንም እንጠርግ ነበር» ተባባልን። በሦስተኛው ሳምንት የመድረክ መሪው ጽሑፉን ሰጡንና ከመጋረጃው ጀርባ ቆመን ተዋናዩ ቃል ሲጠፋው እንድናስታውስ አደረጉን። ነገሩ ያን ጊዜ ገባን። በመድረኩ ላይ እያንዳንዱ ወንበር ምልክት የተደረገለት ቦታ አለው፤ አንድ ክንድ ቢዛነፍ በጨለማ የሚገባው ተዋናይ ይደናቀፋል፣ መብራቱም ፊቱን ይስታል። የጠረግነውም የተሸከምነውም ትምህርት ነበር፤ አስቀድሞ የነገረን ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን በሚጠናው ጨዋታ ውስጥ ፉከራ ነበረበት። ተዋናዩ ቃሉን አሳምሮ ይለዋል፤ ነገር ግን ዜና የሚያነብ ይመስላል። አዘጋጁ ወደ እኛ ዞረው «እናንተ የበላይ ዘለቀ አገር ልጆች አይደላችሁም እንዴ? እስቲ አሳዩን» አሉ። ከሁለቱ የቢቸና ልጆች አንዱ ወጥቶ በሠርግና በለቅሶ እንደ ሰማው ፎከረ። ተዋንያኑ አጨበጨቡ። አዘጋጁ ግን ከመጨረሻው ረድፍ ሄደው ተቀምጠው ነበርና «ግማሹን አልሰማሁህም» አሉት። በሜዳ ላይ ሰው ዙሪያውን ከቦ ይሰማል፤ በአዳራሽ ግን ድምፅ ከሆድ ተነሥቶ የኋላው ግድግዳ ድረስ መሄድ አለበት። እኛ የፉከራውን ወኔ ሰጠናቸው፤ እነርሱም የትንፋሹን አያያዝ ሰጡን። እንዲህ ያለው ትምህርት በደብተር ተጽፎ አይገኝም።

አሁን ወደ አራተኛው ጓደኛችን ነገር እንመለስ። እኛ ሦስታችን አዲስ አበባ ዘመድ አለን፤ እርሱ የለውም። ለተለማማጅ የተመደበ አበል አልነበረም፤ የተማሪ መኝታም በክረምት ይዘጋል። ጥናቱ የሚያልቀው ከመሸ በኋላ ስለሆነ የታክሲው ዋጋ ይከብዳል። ቀን በሻይና በዳቦ እየዋለ፣ ማታ በየሰው ቤት እየተፈራረቀ አንድ ወር ታገሠ። በሐምሌ ከሞጣ ስልክ ተደወለለት። ጤፍ የሚዘራበት ወቅት ነው፤ አባቱ በእርሱ ፋንታ የቀን ሠራተኛ ቀጥረዋል። «ለመሆኑ የያዝኸው ሥራ ስንት ይከፍልሃል?» ብለው ጠየቁት። የሚመልሰው አጣ፤ ዓባይን ተሻግሮ አገሩ ገባ። ከአራታችን ጽሑፉን ቀድሞ በቃሉ የያዘው እርሱ ነበር። ስለዚህ ማን እንደሚማርና ማን እንደሚቀር የለየው ችሎታ ሳይሆን ዘመድ ነው።

ይህን ስናስብ ትዝ የሚለን በአገራችን በቢቸና በኩል ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ጎጆ ቀልሶ ያድራል፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይሰጠዋል። ረኃቡና የውሻው ጥርስ ቀላል ስላልነበረ ያንን ኑሮ አናሞግስም። ነገር ግን ተማሪ የአገር እንግዳ ነው የሚል አሳብ ነበረበት፤ የሚያበላውም ባለጠጋው ብቻ ሳይሆን ራሱ የቸገረው ገበሬ ነበር። ገበሬው የቻለውን ዩኒቨርሲቲና ቴአትር ቤት ተባብረው እንዴት ያቅታቸዋል?

ቴአትር ቤቶችም እጅ እንደሚያጥራቸው አይተናል፤ ስለዚህ ደመወዝ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በልምምድ ላይ ላሉ ተማሪዎች በክረምት ጥቂት የመኝታ ክፍሎች ክፍት ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ትምህርት ክፍሉና ቴአትር ቤቱ ተማሪው ምን እንደሚሠራ፣ ከማን እንደሚማር፣ ምሳውና የማታ መጓጓዣው በማን እንደሚቻል አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። ሦስተኛው ግዴታ የራሳችን ነው፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ተለማማጅ የተማረውን ተመልሶ በአገሩ ያሳይ።

ይህን ሦስተኛውን የጨመርነው በከንቱ አይደለም። የዲማ ስም የሚነሣበት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ማንበብ ለማይችለው የጎጃም ገበሬ ግን የገዛ አገሩን ታሪክ ያደረሰለት በሬዲዮ የተረከው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ተዋናይ ለአገር ምን እንደሚጠቅም ለሚጠይቁን አባቶች ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

እኛም በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ በሞጣ አንድ አጭር ጨዋታ ለማሳየት አስበናል። አራተኛው ጓደኛችን መሪውን ቦታ ይይዛል፤ እኛ ወንበር እንሸከማለን፣ ከመጋረጃው ጀርባም እናስታውሳለን። አባቱም ተጋብዘዋል። በሚመጣው ክረምት እርሱ ወደ ጀመረው ልምምድ እንዲመለስ ማኅበራችንና መምህራኖቻችን ከአሁኑ እንድታስቡበት እንለምናለን።