መላምቱ የልጁ ይሁን

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጁ መሐንዲስ በሁለት በኩል ይፈለጋል። አንድም ዳኛ ሆኖ እንዲያወዳድር፣ አንድም የራሱን ወይም የዘመዱን ልጅ እንዲረዳ። በሽቦና በአምፖል በኩል የሚሰጠው እርዳታ ያን ያህል አይጎዳም፤ ልጁ አይቶ ይማራልና። ጉዳቱ የሚጀምረው ከሁሉ ቀላል በምትመስለው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ይህችም መላምት ናት። የዚህ ንግግር ዓላማ ልጁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ራሱ ይጽፋት ዘንድ እንዴት እንደሚረዳ ማመልከት ነው።

ቃሉ ከነትርጓሜው የመጣ ነው፤ መላምት መላ መምታት ነው። ሆኖም ግምት ሁሉ መላምት አይሆንም። ሁለት ነገር ሊሟላለት ይገባል፤ ይኸውም በዓይን ከታየ ነገር መነሣቱና፣ ስሕተት ከሆነ ስሕተትነቱ በሙከራ የሚገለጥ መሆኑ ነው።

ለዚህ ከአገራችን የሚጠቀስ መልካም ምሳሌ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በብዛት ተመለከቱ። ቀንድ አውጣ የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድግባት መጠለያ ናት። እንዶድን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈውም ሰው ብዙ ነው። እርሳቸው ግን ያዩትን ወደሚፈተን ነገር ለወጡት። በዓረፍተ ነገር ቢቀመጥ እንዲህ ይሆናል፤ «ቀንድ አውጣዎቹን የገደላቸው እንዶዱ ከሆነ፣ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች የእንዶድ አረፋ ሲገባባቸው ይሞታሉ።» ሙከራው ተደረገ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ባይሞቱም ኖሮ አንድ ነገር በታወቀ ነበር፤ ገዳዩ ሌላ መሆኑ። ከዚያች መነሻ የተከተለው የብዙ ዓመት ምርምር አክሊሉ ለማንና ባልደረባቸውን ለገሠ ወልደ ዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብቅቷቸዋል።

የልጅ መላምትም ከዚህ የተለየ ባሕርይ የለውም። ለምሳሌ ያህል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአይከል የምትኖር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትታሰብ። መተማ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ አንድ ነገር አስተውላለች፤ የባቄላ ንፍሮ እዚያ ቶሎ ይበስላል፣ አይከል ግን ብዙ ይቆያል። መሐንዲሱን አጎቷን «ጋሼ፣ የአይከል ውኃ ከባድ ስለሆነ ነው» ትለዋለች።

አጎትዮው መልሱ በእጁ ያለ ይመስለዋል። አይከል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናት፤ መተማ ግን ቆላ ነው፣ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በዚህ ስሌት ውኃ መተማ ላይ በ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲፈላ፣ አይከል ላይ በ93 ገደማ ይፈላል። እሳት ቢጨመርበትም ክዳኑ እስካልታፈነ ድረስ ከዚያ በላይ አይሞቅም። አጎቷ ይህን ነግሮ ዓረፍተ ነገሯን ቢያርምላት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ልጅቷም የተነገራትን ጽፋ ትሄዳለች፤ ምርመራውም ሳይጀመር ያልቃል።

የሚሻለው እርዳታ መጠየቅ ነው። «ከባድ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» «ውኃው ብቻ ተለውጦ ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቀር ምን የምናይ ይመስልሻል?» «ተሳስተሽ ቢሆን በምን ታውቂያለሽ?» ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። እነዚህን ጥያቄዎች ስታወጣ ስታወርድ የቆየች ልጅ በራሷ ቋንቋ እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፤ «ንፍሮ በአይከል የሚዘገየው በውኃው ምክንያት ከሆነ፣ ከመተማ በጀሪካን የመጣ ውኃ አይከል ላይ ሲፈላ ባቄላውን ከአይከል ውኃ ቀድሞ ያበስላል።» ይህ መላምት ነው። የሚለወጠው አንድ ነገር፣ ውኃው፣ ተለይቷል፤ የሚለካውም የመብሰያው ጊዜ ነው። የሚቀረው እኩል እንዲሆን የሚጠበቀው ነው፤ ባቄላው ከአንድ ከረጢት የወጣ፣ ድስቶቹም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ውኃውም በመጠን እኩል ይሁን። «በሰለ» ማለትም በግምት አይተው፤ በየ15 ደቂቃው ከየድስቱ 10 ፍሬ ወጥቶ በጣት ሲጫኑት የሚፈርሰው ይቆጠር።

ሁለቱ ድስቶች እኩል ቢያበስሉ፣ ውኃው ከክስ ነጻ ወጥቶ ልጅቷ ሌላ ምክንያት ትፈልጋለች፤ ቴርሞሜትሩም ተራው ያን ጊዜ ይደርሳል። የመተማው ውኃ ቢቀድም ደግሞ ትምህርቱ ለአጎቷ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ ጥራጥሬን ቶሎ እንዳይበስል እንደሚያደርግ የታወቀ ነውና፣ ከፍታውን ብቻ ይዞ የፈረደው መሐንዲስ የምክንያቱን ግማሽ ትቶ ኖሯል። የልጅ መላምት የዋህ ስለመሰለ ብቻ ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል ማለት አይደለም።

ለጎንደር ሰው ይህ የማስተማር ስልት እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያቀናለታል። መምህሩ የቆጠረለትን ቅኔ የራሱ አድርጎ የሚነግር ተማሪ ግን ቅኔ ዐዋቂ አይባልም።

ባልደረቦች ሆይ፤ በዐውደ ርእይ ላይ የሚታይ ከዚህ የከፋ ልማድ አለ። ሙከራው መላምቱን ሲያፈርስ ልጁ መላምቱን ፍቆ ከውጤቱ ጋር የሚስማማ ሌላ ይጽፋል፤ አንዳንዴም ላጲሱን የሚያቀብለው አዋቂው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ይህ ልጅ ነገ መሐንዲስ ይሆናል። በ28ኛው ቀን የተሰበረው የኮንክሪት ኩብ ከሚፈለገው ጥንካሬ ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ቁጥሩን እንዳለ መዝግቦ ሥራውን ያስቆማል ወይስ ቁጥሩን ያስተካክላል? ያ ሰው በዚያች ቀን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነቱ የለመደውን ነው። ከሕንጻው ሥር የሚያድሩት ሰዎች ግን በላጲስ የጠፋውን ቁጥር አያዩትም።

ስለዚህ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥ የማኅበሩ አባል ከሞዴሉ ማማር አስቀድሞ የልጁን ደብተር ይመልከት። መላምቱ ከሙከራው በፊት በተጻፈ ቀን ተመዝግቦ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ተሳስቶ ስሕተቱን በግልጽ ለጻፈ፣ ከዚያም ቀጣዩን ጥያቄ ላወጣ ልጅ ሙሉ ነጥብ ይስጥ። የሚረዳም ቢሆን ጥያቄውን ይስጥ፤ እርሳሱን ግን ለልጁ ይተውለት።